የእናቴ ጉንጭ አብጧል፣ «እስኪጎድል ጠብቁ» አሉን። ሰኞ ድረስ መጠበቅ ይቻላል?

ጉለሌ_ነኝ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ስድሳን አልፋለች፣ የስኳር ታማሚ ናት። በግራ በኩል ከታች ያለው የመጨረሻ መንጋጋዋ ከቆየ ተቦርቡሯል። ረቡዕ ሌሊት ሲጠዘጥዛት አደረ። ሐሙስ ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝተን ጀመረች። ሕመሙ ቀለል አለላት፣ እብጠቱ ግን ባሰ። ዛሬ ከአገጯ ሥር ጠጠር ብሏል። አፏን በደንብ መክፈት አቅቷታል። ሾርባ ስትውጥ እንኳ ፊቷ ይጨማደዳል። ድምፅዋም ተለውጧል።

ሰፈራችን ያለው የጥርስ ክሊኒክ ዝግ ነው፣ ነገ ደግሞ እሑድ ነው። ጎረቤት ሁሉ «ያበጠ ጥርስ አይነቀልም፣ መጀመሪያ እብጠቱ ይጉደል» ይላል። ፋርማሲስቱም እንደዚያው አለን። ሰኞ ጠዋት ድረስ ብንጠብቅ ችግር አለው?

አባ_መላ_ከመርካቶ | ከምሽቱ 1፡52

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማራቸው። እኔም የማውቀው እንደዚያ ነው። ፊት አብጦ ከተነቀለ መርዙ ወደ ጭንቅላት ይወጣል ይባላል። ለብ ያለ ውኃ በጨው ይጉመጥመጡ፣ ለሕመሙ ዲክሎ ይውሰዱ። ሰኞ ትወስጃቸዋለሽ።

ጥርስ_ሐኪም_ጅማ | ከምሽቱ 2፡05

ጉለሌ፣ ሰኞን አትጠብቁ። ነገንም አትጠብቁ። አሁኑኑ ተነሱ።

የጻፍሽው የተራ ጥርስ ሕመም ምልክት አይደለም። ከአገጭ ሥር የጠጠረ እብጠት፣ አፍ አልከፈት ማለት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የድምፅ መለወጥ፤ በዚያ ላይ ስኳር። መግሉ ከጥርሱ ሥር ወጥቶ በምላስ ሥር ወዳለው ክፍት ቦታ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይህን በሽታ ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፣ እስከ ዛሬም በስሙ «የሉድቪግ አንጃይና» ይባላል። ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ እየገፋ የአየር ቧንቧን ይዘጋል። ሰው የሚገድለውም በዚህ ነው። በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል።

የጥርስ ክሊኒክ አትፈልጉ፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ጤና ጣቢያ ሌሊትም ክፍት ነው፣ የጥርስ ክፍሉ ግን ብዙ ቦታ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለእናትሽ የሚያስፈልገውም ከዚያ ያለፈ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥባቸው ናቸው። መተንፈስ ካቃታቸው ግን አትምረጡ፣ ቅርባችሁ ያለው ሆስፒታል ግቡ። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። በር ላይ ስትደርሱ «ጥርሷን አሟት ነው» እንዳትሉ። እንዲህ ካላችሁ ወረፋ መጨረሻ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። «አንገቷ ሥር አብጧል፣ መዋጥ አቅቷታል፣ የስኳር ታማሚ ናት» በሉ። ሐቁም ይኸው ነው። መንገድ ላይ በጀርባ አታስተኟቸው፣ ቀና ብለው ይቀመጡ። የስኳር መድኃኒታቸውንና የጀመሩትን አሞክሲሲሊን ከነማሸጊያው ያዙ።

ጉለሌ_ነኝ | ከምሽቱ 2፡11

እሺ። ወንድሜ መኪና ሊያመጣ ወጥቷል። በጣም አመሰግናለሁ።

አባ_መላ_ከመርካቶ | ከምሽቱ 2፡30

ዶክተር፣ ለማወቅ ያህል ልጠይቅዎት። «ያበጠ አይነቀልም» የሚለው ከአባቶቻችን የሰማነው ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ክሊኒክ ሄጄ «መድኃኒት ውሰድና እብጠቱ ሲጎድል ተመለስ» ተብያለሁ። ታዲያ እውነት አይደለም ማለት ነው?

ጥርስ_ሐኪም_ጅማ | ከምሽቱ 3፡15

አባ መላ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ።

አባባሉ ከባዶ አልመጣም። መግል የያዘ ሥጋ አሲድነቱ ይጨምራል። ማደንዘዣ መርፌ ደግሞ አሲድ ውስጥ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ድሮ ያበጠ ጥርስ ሲነቀል ታማሚው ከነሕመሙ ነበር የሚነቀልለት፣ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ያንን ያየ ሰው «ካበጠ አትንኩት» ቢል አይፈረድበትም። ዛሬ ግን መርፌውን ካበጠው ቦታ ራቅ አድርገን፣ ነርቩ ወደ መንጋጋ የሚገባበት ጋ ወግተን እናደነዝዛለን። ካልሆነም ሙሉ ሰመመን አለ።

ሌላው ምክንያት አንቲባዮቲክ ብቻውን ያድናል የሚል እምነት ነው። አያድንም። የጥርሱ ውስጥ ከሞተ የደም ሥር የለውም፤ የዋጥነው መድኃኒት በደም ነው የሚጓዘው፣ የሞተው ጥርስ ውስጥ ግን አይገባም። መግሉ ውስጥም እንደልቡ አይደርስም። ሕመሙን ያስታግስና ሰውየውን ያዘናጋዋል፣ ምንጩ ግን እዚያው ነው። መፍትሔው መግሉን ማውጣትና ምንጩን ማስወገድ ነው፦ ወይ ጥርሱን መንቀል፣ ወይ ሥሩን ከፍቶ ማጽዳት፣ ማለትም ሩት ካናል።

አፉ ጨርሶ አልከፈት ያለ ሰው ሲገጥመን ወይም የልብና የስኳር ሁኔታ መስተካከል ሲኖርበት ነቀላውን ለጥቂት የምናቆይበት ጊዜ አለ። ያኔም ቢሆን መግሉ ካለ ይፈሳል፣ ታማሚው ክትትል ይደረግለታል። «ክኒን ይዘህ ቤትህ ግባ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

እብጠት ያስቸኩላል እንጂ አያስጠብቅም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ | ከምሽቱ 4፡20

ይህን ሳነብ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። እዚህ እኔ የምኖርበት ሜሪላንድ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. የ12 ዓመት ልጅ ከጥርስ የተነሣ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞቷል። ቤተሰቡ ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ተቋርጦባቸው ነበር። ጥርሱን ለማስነቀል 80 ዶላር ያህል ይበቃ ነበር ተብሎ አገር ተነጋግሮበታል፤ ከዚያ በኋላ የስቴቱ የልጆች የጥርስ ሕክምና ብዙ ተሻሽሏል።

አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ አዲስ ለመጣችሁ፣ የማውቀውን ልበል። ጥርስ ሲያማችሁ ሌሊት ወደ ኢመርጀንሲ ሩም ብትሮጡ ብዙ ጊዜ የጥርስ ሐኪም አታገኙም። አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ጽፈው ይሸኛችኋል። እኔ ለዚያች ወረቀት ከአንድ ሆስፒታል የመጣልኝ ቢል (የክፍያ ሒሳብ) በጣም አስከፍቶኛል፣ ጥርሱ ግን እንዳለ ነበር። እብጠት፣ ትኩሳት፣ የመዋጥ ችግር ካለ ግን ገንዘብ አስባችሁ እቤት እንዳትቀመጡ። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ መሠረት ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስ የሌለውንም ሰው መርምሮ ከአደጋ የማውጣት ግዴታ አለበት። ቢሉ በኋላ ይመጣል፣ ግን መደራደርም፣ የሆስፒታሉን የእርዳታ ፎርም መሙላትም ይቻላል።

እብጠት ከሌለው በርካሽ የሚታከምበት የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ዲሲ ውስጥ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ከ1881 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተምራል። ተማሪዎቹ በአስተማሪ ቁጥጥር ነው የሚሠሩት፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ሥራቸው ጥሩ ነው። ሜዲኬይድ ያላችሁ ደግሞ ጠይቁ። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2021፣ ሜሪላንድ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎችም የጥርስ ሕክምና ይሸፍናሉ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ ከኪሳቸው ይከፍላሉ፣ ወይም «ክረምት አገር ቤት ስገባ አስነቅለዋለሁ» እያሉ ይሰቃያሉ።

ጉለሌ_ነኝ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 3፡25

ወገኖቼ፣ እናቴ ተርፋለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በር ላይ እንደተባልነው ተናገርን። ነርሷ «እማማ፣ ምላስዎን ወደ ላይ ያንሱ እስቲ» አለቻት። እናቴ ማንሳት አልቻለችም። ነርሷ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም፣ እናቴን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ስኳሯ ሲለካ ከ300 በላይ ነበር። ግሉኮስ ሳይሆን ጨዋማውን ፈሳሽ ነው የምንሰጣት ብለው በደም ሥሯ ከመድኃኒት ጋር ሰቀሉላት፣ ኢንሱሊንም ጀመሩ። ሌሊቱን ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ከአገጯ ሥር ቀደው መግሉን አፈሰሱት፣ ጥርሱንም በዚያው ነቀሉት። ቁስሉ እንዳይዘጋ ቀጭን ላስቲክ አስገብተውበታል፣ ከዚያ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ሽታው ክፍሉን ሞልቶት ነበር።

ሐኪሙ «እስከ ሰኞ ብትቆዩ አንገቷ ላይ ቀዳዳ ከፍተን ነበር የምናስተነፍሳት» አለን። አሁን ድምፅዋ ተመልሷል። «ሻይ ስጡኝ» ብላለች።

አባ_መላ_ከመርካቶ | ከጠዋቱ 3፡40

እሰይ! እሰይ! እንኳን እግዚአብሔር አተረፋቸው። ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ።

ሪያድ_ያለሁት | ከጠዋቱ 4፡10

እንኳን እናትሽ ተረፉልሽ እህቴ።

ለእኛ በሰው ቤት ለምንሠራው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጥርሴን ስል ማዳም ፓናዶል ትሰጠኛለች፣ በቃ። እዚህ ያላችሁ እህቶች፣ ጉንጫችሁ ካበጠ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ሰው ላኩ። ለአሠሪያችሁ «ጥርሴን» ብቻ አትበሉ። «ማ አግደር አብላዕ» በሉ፣ መዋጥ አልቻልኩም ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ሳዑዲ ውስጥ አምቡላንስ 997 ነው፣ የጤና ሚኒስቴር የስልክ መስመር 937። ኤምሬትስ ያላችሁ አምቡላንስ 998 ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፣ ስልክ የሚወሰድባት አለችና።

ጥርስ_ሐኪም_ጅማ | ከጠዋቱ 4፡35

ጉለሌ፣ ደስ ብሎኛል። ስኳሯን በደንብ ተከታተሉ። ኢንፌክሽን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ ኢንፌክሽኑን ያባብሳል።

ሪያድ፣ ምክርሽ ወርቅ ነው። ማስታገሻን በተመለከተ ልጨምርልሽ። ለጥርስ ሕመም ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ከፓራሲታሞል 500 ወይም 1000 ጋር አንድ ላይ መውሰድ አንዱን ብቻ ከመውሰድ ይበልጣል። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ። ፓናዶልም ፓራሲታሞል ነው፣ ሁለት ስም ያለው አንድ መድኃኒት ደርባችሁ እንዳትወስዱ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ኢቡፕሮፌንም ዲክሎም ይቅርበት።

ድድ ላይ አስፕሪን መለጠፍ፣ አረቄ መያዝ፣ ነጭ ሽንኩርት አስሮ ማደር ይቅር። ድዱን አቃጥለው ነጭ ያደርጉታል፤ ጥርሱ ላይ ሌላ ቁስል ጨምረው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ቅርንፉድ ግን በውስጡ ያለው ዘይት በእርግጥም ያደነዝዛል፣ ለአንድ ሌሊት ማለፊያ ይሆናል።

የሁለት_ልጆች_እናት | ከቀኑ 6፡50

ዶክተር፣ ከርዕሱ ብወጣም ልጠይቅ። የጎረቤቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባለፈው ኳስ ሲጫወት የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወልቆ መሬት ላይ ወደቀ። እናቱ በሳሙና አጥባ በሶፍት ጠቅልላ ወሰደችው። ሐኪሙ «አሁን አይሆንም» አላት። እንዲህ ሲያጋጥም ምን ማድረግ ነበረባት?

ጥርስ_ሐኪም_ጅማ | ከቀኑ 7፡30

እናቲቱ ጥርሱን ፈልጋ ይዛው መሄዷ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ጥሎት ነው የሚመጣው። ችግሩ ሳሙናውና መድረቁ ነው። ሥሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ሕያው ሕዋሳት አሉ። ጥርሱ ተመልሶ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በእነሱ ነው። ሲታሹ ይላጣሉ፣ ደርቀው አንድ ሰዓት ከቆዩ አብዛኞቹ ይሞታሉ።

ስለዚህ ጥርሱን ከነጩ ክፍል ይያዙት፣ ሥሩን አይንኩት። አፈር ከነካው በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያለቅልቁት። ሳይታሽ፣ ሳይፋቅ። ከዚያ እዚያው መልሳችሁ ቀዳዳው ውስጥ አስገቡት፣ ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ያስፈራል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። ካልደፈራችሁ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ክተቱት። ወተት ከሌለ ልጁ ስኒ ላይ ምራቁን ይትፋና እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። ውኃ ውስጥ አታቆዩት። ሐኪሙ ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል።

ይህ ለቋሚ ጥርስ ነው። የወተት ጥርስ ከወለቀ ተመልሶ አይገባም፣ ከሥር የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። መሐለኞቹ የፊት ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ስለሚቀየሩ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጥርስ ቋሚ ሳይሆን አይቀርም። የትምህርት ቤት መምህራን ይህን ቢያውቁት እንዴት ደስ ባለኝ! አደጋው የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።

ኔታንያ | ከቀኑ 8፡05

እስራኤል ላላችሁ፦ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የጥርስ ሕክምና በኩፓት ሆሊም (በጤና መድህን ድርጅታቸው) በኩል ያገኛሉ። ለብዙ አዋቂዎች ግን አይሸፈንም፣ ወላጆቻችን የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ሻባት (ቅዳሜ) ቀን እብጠትና ትኩሳት ከመጣ ሆስፒታል ሚዩን፣ ማለትም ድንገተኛ ክፍል፣ ነው የሚኬደው። አምቡላንስ 101።

ጉለሌ_ነኝ | ከምሽቱ 12፡30

ዶክተር፣ ይቅርታ ላስቸግርዎት። እናቴ ዎርድ ውስጥ ናት። ከተነቀለው ቦታ አሁንም ደም ይታያል፣ ምራቋ ቀላ ይላል። በየደቂቃው ትተፋለች። ነርሶቹ ወረፋ በዝቶባቸዋል።

ጥርስ_ሐኪም_ጅማ | ከምሽቱ 12፡45

መትፋቱን ያቁሙ። በተፉ ቁጥር የረጋው ደም ይነሣል። ነርሷን ጎዝ ጠይቂ፣ አጥፈሽ ቀዳዳው ላይ አድርጊውና ለግማሽ ሰዓት አጥብቀው ይንከሱት። መሐል ላይ እያነሣችሁ አትዩ። ምራቅ ቀላ ማለቱ የመጀመሪያው ቀን ያለ ነው። አፍ እየሞላ የሚፈስ ከሆነ ግን ወረፋ ሳትይ ነርሷን ጥሪ።

እስከ ነገ ማታ አይጉመጥመጡ፣ ትኩስ ነገር አይጠጡ። ሻዩን አቀዝቅዘሽ ስጫቸው። ከዚያ በኋላ ለብ ያለ ውኃ በጨው ቀስ ብለው ይያዙ። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ሕመሙ ጋብ ብሎ እንደገና ወደ ጆሮ የሚወጋ ሆኖ ከተነሣ ቀዳዳው ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ ንገሪ፣ መድኃኒት ይሞላበታል።

ጎንደሬዋ | ከምሽቱ 2፡20

እኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ። ጥርሴ ከጀመረኝ ሳምንት አልፎታል፣ ዛሬ ድዴ አብጧል። አማቴ «እርጉዝ ጥርስ አትነቀልም፣ መርፌው ልጁን ይጎዳል» ብለው እንዳልሄድ ለምነውኛል። ይህን ውይይት ሳነብ ፈራሁ። በየወሩም መርፌ እወጋለሁ፣ ልጅ ሆኜ ከቶንሲል የመጣ የልብ ሕመም አለብኝ ተብዬ።

ጥርስ_ሐኪም_ጅማ | ከምሽቱ 2፡40

እህቴ፣ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂ። ጎንደር ከሆንሽ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የጥርስ ክፍል አለው። እርጉዝ ሴት ትታከማለች፣ ትነቀላለችም። የምንጠቀምበት ሊዶኬይን ለእርጉዝ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎ ግን አትውሰጂ፣ ከአምስተኛው ወር በኋላ ለፅንሱ ኩላሊትና ልብ ጥሩ አይደሉም። ፓራሲታሞል ይበቃሻል። ዶክሲሳይክሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ቢሰጡሽ እንቢ በይ፣ የልጁን ጥርስ ያበላሻል።

የልቡን ነገር ካርድ ስታወጪ ጀምሮ ለሁሉም ንገሪ፣ የክትትል ደብተርሽንም ያዢ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለበት ወይም የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ይዞት የሚያውቅ ሰው ጥርሱ ከመነካቱ በፊት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ፣ አንቲባዮቲክ መውሰድ አለበት። አንቺ ያስፈልግሽ እንደሆነ የሚወስነው የልብ ሐኪምሽ ነው። ወርኃዊ መርፌሽን እንዳታቋርጪ። ወንበሩ ላይ ወደ ግራ ጎንሽ ትንሽ ጋደም ብለሽ እንድትቀመጪ ጠይቂ፣ በጀርባ መተኛት ራስሽን ሊያዞርሽ ይችላል።

ሌሊት ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይንሽ ወይም ወደ አንገትሽ ከሄደ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ጎንደሬዋ | ከምሽቱ 2፡55

እሺ ዶክተር። ባለቤቴ ነገ ከሥራ ይቀራል፣ አብሮኝ ይሄዳል። አማቴንም መልእክትዎን አነበብኩላቸው።

ጉለሌ_ነኝ | ከምሽቱ 3፡10

ጎንደሬዋ፣ የጤና መድህን ደብተር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ ስንጣደፍ ረስተነው ወንድሜ ለመመለስ ተገዷል። ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፍንም አሉን እንጂ የእናቴን አልጋና ኦፕራሲዮን ሸፍኖልናል።

እናቴ ጎዙን ነክሳ ተኝታለች። ደሙ ቆሟል።